የመጀመሪያዬን ጌሚንግ ፒሲ ልገጣጥም ነው፤ ዝርዝሩን እዩልኝና ስደቡኝ

የጀሞ ልጅ · ኅዳር 9

ሰላም ናችሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጎቴ ላፕቶፕ ስጫወት ኖርኩ፣ በቃኝ። ጌም ሲከፈትበት እንደ ምጣድ ይግላል፣ የፋኑ ጩኸት ደግሞ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ዴስክቶፕ ልገጣጥም ወስኛለሁ። በእጄ 110 ሺህ ብር አለ። ገጣጥሜ አላውቅም፣ ቪዲዮ ግን እስኪበቃኝ አይቻለሁ።

የምጫወተው ኤፍሲ (የኳሱን ጌም)፣ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ጂቲኤ 5 ነው። ጂቲኤ 6 ሲወጣም የሚችል ቢሆን ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ሱቅ ሄጄ ልጁ በወረቀት የጻፈልኝ ይኸውላችሁ። ፕሮሰሰር ኮር አይ7 4770 ከነማዘርቦርዱ። ራም 16 ጊጋ፣ አንድ ፍሬ። ግራፊክስ ካርድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ። ኤስኤስዲ 256። ኬዙ ፊቱ ሙሉ መስታወት ነው፣ አራት ባለመብራት ፋን አለው፣ ውስጡ ደግሞ 600 ዋት ፓወር ሳፕላይ በነፃ አለ። "አይ7 ስለሆነ አሥር ዓመት አትነካውም" ነው ያለኝ።

ሞኒተር አለኝ፣ የድሮ ነው ግን ይሠራል። የአክስቴ ልጅ ለገና ከቨርጂኒያ ትመጣለች፣ አንዳንድ ነገር ልትይዝልኝ ትችላለች። ዛሬ ቀብድ ልከፍል ነበር፣ እስቲ መጀመሪያ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው።

ሰልባጅ · ኅዳር 9

ቀብዱን እንዳትከፍል። ከፍለህ ከሆነም አልቅሰህ አስመልስ።

"አይ7" የምትለው ቃል በዚህ ከተማ ስንቱን አስበላች። ወንድሜ፣ አይ7 ማዕረግ ነው፣ ዕድሜውን አይነግርህም። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እይ። 4770 ላይ የመጀመሪያዋ 4 አራተኛ ትውልድ ማለት ናት፣ በፈረንጆቹ 2013 የወጣ ነው። 4 ኮር፣ 8 ትሬድ። በ2022 የወጣው ምስኪኑ አይ3 12100ም 4 ኮር 8 ትሬድ ነው፣ ጌም ላይ ግን 4770ን አፈር ድሜ ያስግጠዋል። ዊንዶውስ 11 በይፋ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለ ኢንቴል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ታዲያ አሥር ዓመቱን በምን ሊያሻግርህ ነው?

የጀሞ ልጅ

ሃሃሃ እኔ እኮ 7 ከ5 ይበልጣል ብዬ ነው። እሺ ምን ልግዛ ታዲያ?

ስምንት ጊጋ

ለምትጫወታቸው ራይዘን 5 5600 ይበቃሃል። 6 ኮር፣ 12 ትሬድ፣ 65 ዋት፣ ማቀዝቀዣው ካርቶኑ ውስጥ አብሮት አለ። ቢ550 ማዘርቦርድ ጨምርበት። ቢ450 በርካሽ ቢያሳዩህ ባዮሱ (ማዘርቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) መታደሱን ጠይቅ፣ ያረጀ ባዮስ 5600ን ጭራሽ አያውቀውም፣ ሻጩም አያውቀውም።

አሁን አንዱ መጥቶ ኤኤም4 (5600 የሚቀመጥበት የማዘርቦርድ ሶኬት) አርጅቷል ይላል። እውነቱን ነው። ግን አዲሱ ኤኤም5 አዲሱን የራም ዓይነት፣ ዲዲአር5ን ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ራም ደግሞ ከፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2025 ወዲህ ዋጋው እንደ ሽንኩርት ሆኗል። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች ከፋብሪካ በር ላይ እያነሱት ነው። ዲዲአር4ም አልተረፈም፣ ግን እሱ ቢያንስ ያገለገለ ይገኛል። ሁለት ፍሬ ባለ 8 ውሰድ እንጂ አንድ ፍሬ ባለ 16 እንዳትወስድ። ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩና ራሙ የሚገናኙበት መንገድ እጥፍ ይሰፋል፣ ካውንተር ላይ በደንብ ይታወቅሃል።

1050 ቲአዩን ደግሞ ተጠንቀቅ። የጥንቱን ጂቲኤስ 450 ሶፍትዌሩን ቀይረው 1050 ቲአይ ነኝ እንዲል ያደረጉት ብዙ አለ። ዊንዶውስ ያምነዋል፣ ጌም ስትከፍት ያለቅሳል። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ አብዛኞቹን ፌክ ብሎ በግልጽ ይጽፍልሃል።

ፊውዝ · ኅዳር 10

ሁላችሁም ከላይ ጀምራችሁ ነው የምትወርዱት። ልጁ ከግድግዳው ይጀምር።

እኔ ጌም አልጫወትም። ጥገና ነው ሥራዬ። ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጡት ፒሲዎች አብዛኞቹ የሞቱት መብራት ሲሄድ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው። ሲመጣ ዝም ብሎ አይመጣም፣ ዘሎ ነው የሚመጣው። ፍሪጁ፣ ምጣዱ፣ የጎረቤቱ ብየዳ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል፣ ቮልቴጁ ይወጣል ይወርዳል። ያንን ሁሉ ፊት ለፊት የሚቀበለው ፓወር ሳፕላይ ነው። አንተ ደግሞ እሱን ነው በነፃ የወሰድከው።

አንድ ነገር አድርግልኝ። ሱቁ ሂድና "600 ዋት" የተባለውን ጎኑ ላይ ያለውን ስቲከር አንብብ። 12 ቮልት ከሚለው ሥር ስንት አምፔር እንደተጻፈ እይ። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት ከዚያ መስመር ነው። አምፔሩን በ12 አባዛው። የሚመጣው ቁጥር ነው እውነተኛው ዋት፣ ያውም ስቲከሩ ካልዋሸ።

ከዚያ በእጅህ አንሳው፣ ደህና ሳፕላይ ከበድ ይላል።

ስለ ሳፕላይ ካነሳን የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ አንድ ዘመዳችን ከአሜሪካ ያገለገለ ኮምፒውተር ላከልን። የሰፈር ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ እያየ ሰካሁት። ከኋላው ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ የምትመስል ነገር ነበረች፣ 115 ትላለች። እኔ ምን አውቃለሁ፣ እዚያ አገር ግድግዳው ላይ 120 ነው፣ እኛ ጋ 220። ቁልፉን ስጫነው ጧ! አለ። ጥይት ነው የመሰለኝ። ነጭ ጭስ፣ የተቃጠለ ዓሣ የሚመስል ሽታ፣ የቤቱ መብራት ድርግም። እናቴ ከኩሽና ማማሰያ ይዛ ወጣች። ሽታው አንድ ሳምንት አልለቀቀም። ጥገና የጀመርኩት በዚያ ቀን ነው ማለት ይቻላል፣ ያንን ሳፕላይ ስፈታ።

የጀሞ ልጅ · ኅዳር 11

ጋሼ ፊውዝ፣ ሄጄ አየሁት። 12 ቮልት 18 አምፔር ይላል። 18 በ12 ሳባዛው 216 መጣ!! 600 የሚለው የት ነው ስለው ካርቶኑን አሳየኝ። እውነት ነው፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል።

ጎረቤቱ ካለው ሸቀጣሸቀጥ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፣ ባለሱቁም ጉጉ ሆኖ። 780 ግራም። ከኪሎ ስኳር ይቀላል።

ፊውዝ

ስኳሩን ግዛ፣ ቢያንስ ሻይ ይሆናል።

550 ዋት ይበቃሃል፣ ግን እውነተኛ 550። ስቲከሩ ላይ 12 ቮልት 45 አምፔር ገደማ ማለት አለበት፣ ሲባዛ 540። ግቤቱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይበል፣ ያኔ ያቺ ቀይ የቮልቴጅ መምረጫ የለችበትም። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ጥሩ ነው፣ ግን ምን ያህል ኤሌክትሪክ በሙቀት መልክ እንደማያባክን ነው የሚነግርህ፣ ስለ ጥንካሬው ብዙ አያወራም። ሽቦው የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ደግሞ የሌላ ሳፕላይ ሽቦ እንዳትሰካበት። ጫፉ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ውስጡ ያለው አሰላለፍ ግን ሊለያይ ይችላል። ሁለት ሃርድ ዲስክ በዚህ ምክንያት ሲቃጠል አይቻለሁ።

ከዚያ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ። ዩፒኤስ ላይ 650 ቪኤ የሚለውን አትይ፣ ዋቱን ፈልግ፣ 360 ወይም 390 ብሎ ታገኘዋለህ። ሥራው ሴቭ አድርገህ እንድትዘጋ ጊዜ መስጠት ነው፣ ዘጠና ደቂቃ ኳስ አያስጨርስህም። ርካሾቹ ባትሪ ላይ ሲሆኑ የሚያወጡት ሞገድ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው፣ አንዳንድ ዘመናዊ ሳፕላይ ይህን አይወድም፣ መብራት በሄደበት ቅጽበት ፒሲው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ "ከፒሲዬ ጋር ካልተስማማ እመልሳለሁ" ብለህ ተነጋግረህ ግዛ።

ሽቦ ፈቺዋ

ጋሼ ፊውዝ ያልነካትን ልጨምር። ገጣጥመህ ስትጨርስ ኬዙን ስትነካ ንዝር ንዝር ካደረገህ ፒሲው ተበላሽቷል ብለህ አትደንግጥ። ሳፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ትንሽ ኮረንቲ ወደ ብረቱ ይለቃል። የመሬት ሽቦ ካለ በዚያ ይሄዳል፣ ከሌለ አንተን ይጠብቃል። ሶኬቱ የጎን ብረት ስላለው ብቻ ከኋላው መሬት ታስሯል ማለት አይደለም፣ ስንት ቤት ግድግዳ ከፍቼ ሦስተኛዋ ሽቦ ተቆርጣ በቴፕ ተጠቅልላ አግኝቻለሁ። ኤሌክትሪሺያን በመለኪያ ይይልህ። እና እባክህ ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ አትሰካ።

ቨርጂኒያ ነኝ · ኅዳር 12

ስለ ዘመድህ ላውራ፣ ባለፈው ዓመት ለወንድሜ ሙሉ ፒሲ በሻንጣ ያስገባሁ ሰው ነኝ። 

መጀመሪያ አንድ እውነት ተቀበል። ልጅቷ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው ያላት፣ እሱም በሰው አደራ ከወዲሁ ሞልቷል። የአንዱ ቪታሚን፣ የአንዷ ጫማ። ስለዚህ ቀላልና ውድ የሆነውን ብቻ አስይዛት፦ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ማዘርቦርድ። ሳፕላዩ ሁለት ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ እሱን ግን ለምናት፣ ያዋጣል። ኬዝና ሞኒተር እዚያው አዲስ አበባ ግዛ።

ፌርፋክስ አጠገብ ከሆነች ማይክሮ ሴንተር አለ፣ ፕሮሰሰር፣ ቦርድና ራም በአንድ ላይ አድርገው ቀነስ አድርገው የሚሸጡበት ጊዜ አለ። ፕሮሰሰሩን በእጅ ሻንጣ ትያዘው፣ ከነካርቶኑ። ኤኤም4 እግሮቹ ፕሮሰሰሩ ሥር ናቸው፣ ቁጥራቸው ከሺህ ያልፋል፣ አንዷ ከታጠፈች በመርፌ ስታቃና ታመሻለህ።

የሳፕላዩ የኤሌክትሪክ ገመድ በአሜሪካ ሶኬት ነው የሚመጣው። ችግር የለውም፣ ወደ ሳፕላዩ የሚገባው ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፣ እዚያ ደህና ወፍራም ገመድ ግዛና ተካው። አስማሚ አትጠቀም። አንድ ነገር ተበላሽቶ ቢመጣ ግን ዋራንቲው ውቅያኖስ ማዶ ነው የሚቀረው። ይህን ከአሁኑ በሆድህ ያዘው።

የጀሞ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ። ደውዬላት "ጫማ አላችሁኝ፣ ቪታሚን አላችሁኝ፣ አሁን ደግሞ ብረት" አለችኝ። ግን እሺ ብላለች።

አሁን የቀረኝ ግራፊክስ ካርድ ነው። ምን ይሻላል?

ስምንት ጊጋ

አርቲኤክስ 5060። በፈረንጆቹ ሜይ 2025 በ299 ዶላር ወጣ፣ 145 ዋት ብቻ ነው የሚበላው፣ 8 ጊጋ የራሱ ሚሞሪ አለው። ወይ አርቲኤክስ 4060፣ እሱ እንዲያውም 115 ዋት። ፊውዝ እንዳለው ከግድግዳው ከጀመርክ ትንሽ የሚበላ ካርድ ነው የሚያዋጣህ። ለዩፒኤሱም፣ ለክፍሉም፣ ለቆጣሪውም።

ሰልባጅ

ስምህ ራሱ ስምንት ጊጋ ነው፣ አንተን ማን ያምናል።

በዚህ ዘመን በ8 ጊጋ አዲስ ካርድ መግዛት ጠባብ ጫማ መግዛት ነው። ዛሬ ይገባል፣ ነገ ያሳክካል። ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋውን ፈልግ። በ2021 የወጣ ነው፣ 170 ዋት ይበላል፣ ፍጥነቱ ከ4060 ትንሽ ያንሳል፣ ግን ቴክስቸሩን (የምስሉን ጥራት) ከፍ አድርገህ ስትጫወት ትንፋሽ አያጥረውም። ደግሞ እዚሁ ከተማ ነው፣ በዓይንህ አይተህ በእጅህ ነክተህ ትገዛዋለህ።

ስምንት ጊጋ

ልጁ የሚጫወተው ኤፍሲ ነው! ካውንተር ነው! በ1080! ለኤፍሲ 12 ጊጋ ምን ሊያደርግለት ነው፣ ተቀያሪ ተጫዋች ሊያስቀምጥበት?

ሰልባጅ

ጂቲኤ 6ም ብሏል።

ስምንት ጊጋ

ጂቲኤ 6 እኮ እስካሁን ቀን የተቆረጠለት ለፕሌይስቴሽን 5ና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ብቻ ነው፣ እሱም ተገፍቶ ለፈረንጆቹ ኖቬምበር 2026 ነው የተባለው። ለፒሲ ቀን የለውም። ላልተወለደ ልጅ ጫማ አይገዛም።

ሰልባጅ

ጫማውን እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ አትስረቀኝ።

ሽቦ ፈቺዋ

ጭቅጭቁ ይቆየንና፣ የጀሞ ልጅ፣ ሞኒተርህ ከኋላው ምን ዓይነት ሶኬት ነው ያለው? "የድሮ ነው ግን ይሠራል" ያልከው ከነጋ እያሳሰበኝ ነው።

የጀሞ ልጅ

ሰማያዊው ነው። ሁለት ብሎን ያለው።

ሽቦ ፈቺዋ

አውቄ ነበር። ያ ቪጂኤ ነው። ዛሬ የሚወጡት የጌም ካርዶች ቪጂኤ የላቸውም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መቀየሪያ ግዛ፣ ውስጡ ቺፕ ያለው ይሁን፣ እንዲሁ ሽቦውን ብቻ የሚያገናኝ ገመድ አይሠራም። ለጊዜው በዚያ ትጫወታለህ። ብር ስታገኝ ቀድመህ የምትቀይረው ሞኒተሩን ነው። ካርዱ በሰከንድ 150 ምስል ቢያወጣ ያ ሞኒተር 60ውን ብቻ ነው የሚያሳይህ።

ድሬ ነኝ · ኅዳር 14

እኔ ደግሞ ስለ ኬዙ። ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ ኬዝ ገዝቼ ድሬዳዋ ውስጥ ምን እንዳየሁ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ከሰዓት ክፍሌ 34 ዲግሪ ይደርሳል። አራት ባለመብራት ፋን መስታወት ፊት ለፊት ተደርድረው የሚስቡት አየር የለም፣ ዝም ብለው ያምራሉ። በመጨረሻ መስታወቱን ነቅዬ በወባ አጎበር ቁራጭ ሸፈንኩት። ሙቀቱ ወዲያው 9 ዲግሪ ወረደ። አጎበሩ አቧራም ይይዛል። ውበቱ ግን ሄደ፣ የወንድሜ ልጅ "ፒሲው ታሟል?" አለኝ።

እናንተ አዲስ አበባዎች በብርዳችሁ ተጫወቱ።

ፊውዝ

አዲስ አበባም ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ጥግግቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። ብርዱ ያካክሰዋል እንጂ። ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ግዛ፣ ማጣሪያውን በወር አንድ ቀን አጥበው። በጋው መጥቷል፣ የጀሞ አቧራ ደግሞ አይታማም።

የጀሞ ልጅ · ታኅሣሥ 6

ካርድ ገዛሁ! ሰልባጅ አሸነፈ። ስምንት ጊጋ አትቀየመኝ፣ አዲሱ ካርድ ከበጀቴ አለፈ።

ቦሌ አካባቢ ከአገር ሊወጣ ያለ ሰው ነው በቴሌግራም ያገኘሁት። አርቲኤክስ 3060። ቤቱ ሄድኩ፣ ግማሹ ዕቃ ካርቶን ገብቷል፣ ፒሲው ብቻውን ወለል ላይ ቁጭ ብሏል። ሰልባጅ በውስጥ መስመር የነገረኝን ሁሉ አደረግኩ። ጂፒዩ-ዚ ከፈትኩ፣ ሚሞሪው 12288፣ ኮሩ 3584። (3840 ካየህ የላፕቶፕ ቺፕ ቦርድ ላይ ተለጥፎ ነው፣ ጥለህ ውጣ ብሎኝ ነበር፣ ልቤ ቆሞ ነው ያነበብኩት።) ፈርማርክ (ካርዱን የሚያስጨንቅ መሞከሪያ ፕሮግራም) ግማሽ ሰዓት ለቀቅኩበት። ሰውየው አልከፋውም፣ ሚስቱ ቡና አፈላች፣ እኛ አቦል ስንጠጣ ካርዱ እዚያ ይነዳል። 74 ዲግሪ ላይ ቆመ። ቶና ላይ ስንደርስ አንዱ ፋን ጭር ጭር ማለት ጀመረ።

"ይቺ ምንድን ናት?" አልኩት። "እሷ ሲሞቃት ታወራለች" አለኝ። 4 ሺህ ብር ቀነሰልኝ። በረካውን ጠጥቼ ካርዱን በፎጣ ጠቅልዬ በታክሲ መጣሁ፣ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ይዤው።

ሰልባጅ

ጎበዝ። ማይኒንግ (ዲጂታል ገንዘብ መቆፈር) ላይ የኖረ እንዳይሆን ጠይቀኸዋል? ኢቴሪየም በመስከረም 2022 በካርድ መቆፈር ካቆመ በኋላ ገበያው ላይ የፈሰሱት ብዙ ናቸው።

የጀሞ ልጅ

ጠይቄዋለሁ፣ ልጁ ነው ፎርትናይት ሲጫወትበት የነበረው አለኝ። ልጁም እዚያው ቁጭ ብሎ ሲያኮርፍ ነበር። አመንኩት።

ፊውዝ

የልጁ ኩርፊያ ከማንኛውም ዋስትና ይበልጣል።

የጀሞ ልጅ · ጥር 2

እርዱኝ በናታችሁ። ገና ዕለት ሁሉም ዕቃ ደረሰ፣ የአክስቴ ልጅ ሳፕላዩን በሹራብ ጠቅልላ አመጣችው። ትናንትና ዛሬ ገጣጠምኩ። ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ሰዓት ፈጀሁ፣ ቦርዱ ላይ ያሉት ሁለት ጥቁር ፕላስቲኮች መፈታት እንዳለባቸው አላወቅኩም ነበር፣ በካቻቢቴ ስታገል መዳፌ ተላጠ። ደሞ አራቱን ብሎን በየተራ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ ነው አሉ፣ እኔ አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቄ ሌላው አልደርስ አለኝ፣ እንደገና ፈታሁ።

አሁን ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሲግናል የለም ይላል። እናቴ "ይሄ ሁሉ ብር" ብላ ዝም አለች። ዝምታዋ ነው የከበደኝ።

ሽቦ ፈቺዋ

ተረጋጋ። ፋኑ ከዞረ ግማሹ አልፏል። ከላይ በግራ በኩል ማዘርቦርዱ ጥግ ባለ 8 እግር የፕሮሰሰር ገመድ አለ፣ ሰክተኸዋል?

የጀሞ ልጅ

አዎ፣ ተሰክቷል።

ስምንት ጊጋ

ራሙ የት ነው ያለው? ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር 2ኛውና 4ኛው ቀዳዳ ላይ መሆን አለበት። ቀጭ እስኪል ተጫነው፣ አትፍራው።

የጀሞ ልጅ

1ኛና 2ኛ ላይ ነበር። ቀየርኩት። ቀጭ አለ። አሁንም ጥቁር ነው።

ፊውዝ

ፎቶ። ከኋላ በኩል አንሳ።

የጀሞ ልጅ

ለጠፍኩት። ይታያል?

ፊውዝ

ይታያል። የሞኒተሩ ገመድ የገባው ከላይ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ያንተ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ ያ ቀዳዳ ላንተ ጌጥ ነው። ከታች በአግድም ያሉት የካርዱ ናቸው። መቀየሪያውን ከዚያ ላይ ንቀልና ካርዱ ላይ ሰካው።

የጀሞ ልጅ

ኧረ በስመአብ።

መጣ!!! መጣ!!! እናቴ እልል ብላለች፣ ምን እንደመጣ ግን አልገባትም።

ስምንት ጊጋ

እንኳን ደስ ያለህ። ባዮስ ገብተህ ኤክስኤምፒ የሚለውን አብራ፣ ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስሮጠው እሱ ነው፣ ካልነካኸው ራምህ 3200 ሆኖ ሳለ በ2133 ሊሮጥ ይችላል።

የጀሞ ልጅ · ጥር 5

ሪፖርት። ኤፍሲ 60 ላይ ተቸንክሮ ይቆማል፣ ሞኒተሩ ነው የያዘው። ካውንተር ከ150 በላይ ይወጣል፣ ባላየውም ቁጥሩን አየዋለሁ። ያቺ ፋን አሁንም ታወራለች፣ ለመድኳት። ኬዙን ስነካው ነዘረኝ፣ ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ መሬቱ አልታሰረም አለ፣ ነገ ይመጣል። ዩፒኤሱ 1200 ቪኤ ነው፣ 650 ዋት ተጽፎበታል። ዛሬ 78ኛው ደቂቃ ላይ 2 ለ 1 እየመራሁ መብራት ሄደ፣ ጲጲ ማለት ጀመረ፣ ፒሲው ግን አልጠፋም። የቀረውን ተጫውቼ ልጨርስ ወይስ ልዝጋ እያልኩ ስወዛገብ አቻ አገቡብኝ።

ኬዙ ወንፊት ያለው ነው፣ እዚሁ ገዛሁት። እሱም ውስጡ አንድ "600 ዋት" በነፃ ነበረው፣ አውጥቼ አልጋ ሥር ጥዬዋለሁ።

አዲስ ገቢ · ጥር 6

ሰላም፣ ክሩን ዛሬ ነው ያገኘሁት፣ ሙሉውን ግን አላነበብኩትም። ያ አልጋ ሥር ያለው 600 ዋት ሳፕላይ ይሸጣል? አይ7 ላደርግበት ነው።

ፊውዝ

የጀሞ ልጅ፣ ዛሬውኑ እኔ ጋ አምጣው።

የጀሞ ልጅ

ታክሲ ውስጥ ነኝ ጋሼ። ፌስታል ውስጥ ነው፣ ስለቀለለኝ ሁለቴ ቼክ አድርጌዋለሁ።